ሁለት የቀኝ በሬዎች

ለማትጠገቢዋ እህቴ ለእታለም ውቢት ወልደ ሩፋኤል፤

ሰላምታዬ ከሰሜን ተራራ ጉም ጋር ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ያ ጎንበስ ቀና አላስብል ያለሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እንዳልጨነቅ ደብቀሽኝ ነው? አሠሪዎችሽ እንቅልፍስ ይሰጡሻል? የምታሳድጊያቸው መንታዎች አሁን በእግራቸው ይሄዳሉ አይደል? አብራሽ የምትኖረው ስጦታስ ሳሏ ተሻላት? እኛ ተመስገን፣ አለን። አባዬ ጉልበቱን ጧት ጧት ይይዘዋል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለውም። እኔም ያው ነኝ፤ ብቻ እጄን ብታዪው የእኔ አይመስልሽም። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ፈይዛ ናት። የምሠራበት የወፍጮ ቤት ባለቤት የባሽር ታናሽ እህት ስትሆን፣ ባሏ ዘንድ ወደ ጂዳ እየመጣች ነው። ባለፈው ጊዜ «በስልክ የምትነግሩኝ ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋኛል፤ ወረቀት ላይ ጻፉልኝና ደጋግሜ ላንብበው» ብለሽ ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጽፍልሽ ከረምኩ፤ ግን በልቤ ነው። እህል እየመዘንኩ እጽፍልሻለሁ፣ መንገድ እየሄድኩ እጽፍልሻለሁ፣ ስተኛም በሕልሜ እጽፍና ጧት ስነቃ ወረቀቱ የለም። ዛሬ ዝናቡ ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ስላደረገ ወፍጮው ጸጥ ብሏል። በዱቄት የነጣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፤ ወረቀቱን ስታራግፊው ትንሽ የደባርቅ ዱቄት ሳይወጣ አይቀርም።

በመጀመሪያ ይቅር በይኝ። በግንቦት ወር «በሬው እንዴት ሆነ?» እያልሽ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ሰላም ነው፣ እያረሰ ነው» ያልኩሽ ዋሽቼ ነው። በሬው ሰላም ነበር፤ አላረሰም እንጂ። ጥፋቱም የእኔ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አያ ገዱ በጥር ወር ከጎረቤታችን እንደለቀቀ ታውቂያለሽ። ከአባዬ ጋር ዘጠኝ ዓመት በመቀናጆ አረሱ፤ የእኛ ወይኖ በቀኝ፣ የእሱ ቦራ በግራ እየተጠመዱ፣ ሁለት ቀን የእኛን፣ ሁለት ቀን የእሱን። ልጁ ደባርቅ ላይ የሚከራይ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ «ና አባቴ፣ ከእንግዲህ አረፍ በል» ሲለው ቦራን ሸጠ፤ መሬቱን ባሕር ዛፍ ተከለበትና ወደ ከተማ ገባ። የሄደ ቀን አባዬ እስከ ወንዙ ሸኘው። ሲመለስ ቀንበሩን ከግድግዳው አውርዶ በቅቤ አሸው፤ መልሶም ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ስለ እርሻ አላነሣም። ወይኖም በረቱ ውስጥ ግራ ጎኑን ክፍት ትቶ ይተኛ ነበር። አንድ ሰው ይመጣል እያለ ቦታ እንደሚይዝ ሰው ነው ያሳዘነኝ።

ያን ጊዜ ነው በስልክ የተነጋገርነው። አንቺ የበሬውን መግዣ ልከሽ «በዚህ ዓመት ከታረሰ ይታረስ፤ ካልሆነ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጥና አባዬ ደባርቅ ይግባ፤ እኔም ለቤት ኪራዩና ለቀለቡ ስል ኮንትራቴን ሁለት ዓመት አራዝማለሁ፤ እስከ መስከረም መልስ ስጡ ብለውኛል» አልሽ። ድምፅሽ ደከም ብሎ ነበር። ስድስት ዓመትሽ እኮ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጥሩን ሳስበው ስትመጪ ጠጉርሽ ስንት ሽበት እንደሚኖረው ነው የታየኝ። ለአባዬ የኮንትራቱን ነገር አልነገርኩትም። ነገሩ ሁሉ በአንድ በሬ አንገት ላይ መውደቁን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ «የበሬ ዓይን ያለው ሰው ይዘህ ሂድ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ኮራሁ። ዲፕሎማ አለኝ፣ ስልክ አለኝ። ሦስት ማታ ስለ ከብት አመራረጥ ቪዲዮ ሳይ አመሸሁ። በዳባት የገበያ ቀን ማልጄ ሄድኩና ዳልቻ የሚሉትን አመዳም በሬ አየሁት፤ ሻኛው የተደላደለ፣ ዓይኑ ጭምት። ጥርሱን አየሁ፣ ሰኮናውን አየሁ፣ አስነሣሁት፣ አስኬድኩት። ባለቤቱ ከመካነ ብርሃን በኩል ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው ነበር። ዕድሜውን ጠየቅኩት፣ በሽታ አይቶት እንደሆነ ጠየቅኩት፣ ለምን እንደሚሸጠው ጠየቅኩት። ልጁ ከተማ ሊማር ስለሆነ ነው አለኝ፤ ስንሰነባበትም የበሬውን ግንባር ዳሰሰው። ሁሉን ጠይቄያለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዳባት እስከ ደባርቅ በእግራችን መጣን። እታለም፣ ያን ቀን መቼም አልረሳውም። አስፋልቱ በጉም ተሸፍኖ ከፊታችን አሥር ክንድ ብቻ ይታይ ነበር። ሚኒባሶች መብራታቸውን አብርተው ከጉሙ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ነጭ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ሽታው ብቻ መንገዱ ላይ ይቀራል። ዳልቻ በቀኜ በኩል ይሄዳል። መኪና ሲመጣ ወደ ግራዬ ሳዞረው፣ መኪናው ካለፈ በኋላ በኋላዬ ዞሮ ተመልሶ በቀኜ ይሆናል። ትንፋሹ ትከሻዬን ያሞቀዋል። ወደደኝ አልኩ። አንቺም በግራዬ ያለሽ ያህል እየተሰማኝ የቤቱን ነገር አወራሁሽ፤ የትኛው መሬት በመጀመሪያ እንደሚታረስ፣ መስከረም ላይ ስትመጪ ገብሱ እንዴት እንደሚያሸት ነገርኩሽ። የሰማኝ በሬው ብቻ ነው።

በማግሥቱ ቀዬአችን ጓሳ አምባ ስደርስ አባዬ ከደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። በሬውን ዞሮ አየው። አንገቱ ላይ ቀንበር ያጠነከረውን ቆዳ በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ «መንገድ ላይ በየት በኩልህ ሄደ?» አለኝ። እኔም እየሳቅኩ «በቀኜ ነዋ፤ በግራ አልሄድም ብሎኝ» አልኩት። ዞር ብሎ ወይኖን አየው። «መልካም በሬ ነው፤ ይባርክልህ፤ ግባና እህል ቅመስ» አለኝ። ሌሊቱን ግን ሲገላበጥ ሰማሁት።

ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ የቀኝ በሬ ነው ወይስ የግራ። ገበሬ ሆኖ ይህን የማይጠይቅ የለም፤ ጥርስ ሳይታይ የሚጠየቅ ነገር ነው። ሁለቱም የቀኝ በሬዎች ነበሩ። ጧት ሲጠመዱ ወይኖ ቀኙን ያዘ፤ ዳልቻም ቀኙን ፈለገ። ተገፋፉ፣ ቀንበሩ ተጣመመ፣ ዳልቻ በሞፈሩ ላይ ተሻግሮ ወይኖን ከኋላው ዞሮ በቀኙ በኩል ቆመ፤ የአንገቱ ማሰሪያ፣ ማነቆው፣ ተበጠሰ። ሦስት ጊዜ ተሞከረ። አራተኛው ላይ አባዬ ማረሻውን ነቅሎ በሬዎቹን ፈታ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። ደባርቅ ስመለስ ባሽር ነገሩን ሰምቶ «ዲፕሎማህን ለበሬው አሳይተኸው አልነበረም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ፊቴን ሲያይ ተወው።

በዚያው ሰሞን እንግዳው የሚባለው መጣ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ አራት በሬ ያለው ሰው። ክፉ ሰው አይደለም። «አያ ወልደ ሩፋኤል፣ መሬቱን ለእኔ ስጠኝ፤ እኔ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ፣ ሲደርስ እንካፈላለን፤ አንተም ልጅህ ዘንድ ገብተህ ትጦራለህ» አለ። ባሕር ዛፍ አንዴ ከገባ ሥሩን ነቅሎ ገብስ የዘራ ሰው በአገራችን አላየሁም። አባዬ መሬቱን አየው፣ ደመናውን አየው። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ስጠኝ። እስከዚያ ካልዘራሁ ያንተ ይሁን» አለው። እንግዳውም እሺ ብሎ ሄደ። ሰንበቱንና በዓላቱን ብናወጣ የሚቀረን የሥራ ቀን ጥቂት ነበር።

እኔ ከባሽር ፈቃድ ጠይቄ፣ በዳልቻ የምለውጠው የግራ በሬ ፍለጋ ወጣሁ። ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው መንገድ አንድ ቀን፣ ወደ ዛሪማ ቁልቁል ደግሞ ሌላ ቀን ሄድኩ። ልጆች ሳለን ደቦ ሲወጣ በሬው ሜዳውን ይሞላው አልነበር? አሁን ብዙ በር አንኳኩቼ ብዙ ባዶ በረት አየሁ። አንዲት እናት ቀንበራቸውን የበግ ቤት መዝጊያ አድርገውታል። አንዱ ጎረምሳ በሬውን ሸጦ ባጃጅ ገዝቷል፤ «በሬዬ ቤንዚን አይጠጣም ነበር» ብሎ ሳቀና ለራሱ ራሱን ነቀነቀ። ቆርቆሮ ቤቱ በዝቷል፣ ያምራል፤ መብራትም የገባበት አለ፤ ልጆችም ዩኒፎርም ለብሰው ይሄዳሉ። እልል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ከየቤቱ ጀርባ ያ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ መስመር እስከ ገደሉ አፋፍ ወርዷል፤ ነፋስ ሲመጣ ባሕር ይመስላል። የገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቁልቁል ሳይ ጉሙ ከሥር ሞልቶ አገሩ ሁሉ ተንሳፍፎ ታየኝ። አንቺም በዚያኛው ዳር ተቀምጠሽ እግርሽን ያወዛወዝሽ መሰለኝ። የግራ በሬ ያለው ሁለት ሰው አገኘሁ፤ ሁለቱም አይለውጡም።

ደባርቅም ቢሆን የጓሳ አምባ ሰው ነው የሞላባት። ድንች በመደብ የምትሸጠው የእኛው ሰፈር ሴት ናት፣ ግንብ ቤት ሥራ ላይ ድንጋይ የሚያቀብለው የእኛው ሰፈር ጎበዝ ነው። ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ መንገድ የሚመሩትም በቅሎ የሚያከራዩትም ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። አያ ገዱ ደግሞ በየቀኑ ወፍጮ ቤታችን ደጃፍ ይመጣል። የሚያስፈጭ ነገር የለውም። ከሰው ስልቻ ገብስ ዘግኖ ያሸታል፤ «ይህ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ይህ የቀይ አፈር ነው» ይላል፤ አይስትም። አንድ ቀን «አባትህ ምን እያደረገ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። እፍኙን መልሶ ስልቻው ውስጥ ጨመረና «ቦራን ባልሸጠው ኖሮ» ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ አባዬን በዚያው ደጃፍ ተቀምጦ የሰው እህል ሲያሸት በሐሳቤ አየሁት።

የግንቦት መጨረሻ አካባቢ ተሸነፍኩ። «ለእንግዳው ስጠው» ልለው፣ ለአንቺም የኮንትራቱን ወረቀት ፈርሚ ልልሽ ቆርጬ በጧት ወደ ጓሳ አምባ ወጣሁ። ቤት አጣሁት። ከእርሻው ላይ፣ በጉም መሐል፣ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ አየኋቸው። ማረሻ የለም፣ ሞፈር የለም፤ ቀንበር ብቻ። ዳልቻ በቀኝ፣ ወይኖ በግራ። አባዬ የወይኖን ቀንድ ይዞ፣ ጆሮው ሥር እያወራለት፣ እርሻውን በዝግታ ይዞራል። ወይኖ ግራ ይገባዋል፣ ይቆማል፣ ወደ ቀኝ ሊሻገር ይከጅላል፤ አባዬ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እንደገና ይሄዳሉ። ሕልም መሰለኝና ለረጅም ጊዜ ከዳር ቆሜ ቀረሁ።

«ወይኖን አዞርኩት» አለኝ ሲያየኝ። «ወጣቱን ማስለመድ አይቀልም ነበር?» አልኩት። እንዲህ አለኝ፦ «ዳልቻ እንግዳ ነው። አገሩን አያውቅ፣ ድምፄን አያውቅ። የለመደውን ቦታ ብነጥቀው ምን ይቀረዋል? ወይኖ ግን ቤቱ ነው። ቢከፋውም ይታገሠኛል።»

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ማረሻው ሲገባ ግን አንድ ችግር መጣ። አባዬ ከወይኖ ራስ ፈቀቅ ካለ ወይኖ ይቆማል። እንግዲያ እርፉን ማን ይያዝ? አባዬ አልጠየቀኝም። እርፉን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ወደ ወይኖ ራስ ሄደ። ታስታውሻለሽ እታለም፤ ልጅ ሳለሁ እርፍ ስነካ «አንተ ወደ ደብተርህ» ይለኝ ነበር። በሃያ ስምንት ዓመቴ ያዝኩት። የመጀመሪያው ትልሜ ተጣሞ ተጣሞ ወንዝ ሊገባ ምንም አልቀረው። አባዬ ዞር ብሎ አየና «መሬቷን እያሳሳቅካት ነው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን መዳፌ ተላጠ፣ በሳምንቱ ደረቀ። ትልሙም ሰው ሰው መሽተት ጀመረ። ባሽር ለገበያ ቀን ብቻ ና ብሎ ሌላውን ቀን ለቀቀልኝ። ጧት ስንወጣ ጉሙ ከበሬዎቹ ሆድ ሥር ይሄዳል፤ የአባዬን ድምፅ እሰማለሁ፣ እሱን አላየውም። «አይዞህ፣ ግራህን ያዝ፣ አይዞህ» ይላል። ለወይኖ ይበለው ለእኔ አላውቅም፤ እኔ ግን ለራሴ ወስጄው አርስ ነበር።

ሰኔ አሥር ቀን ዘራን። መምሬ ቃለ አብ ዘሩን ባርከውልን፣ አባዬ ያንን የእናታችንን ጥቁር ገብስ ከጎታው ሥር አወጣው። የግብርና ልማት ሠራተኛዋ በመስመር ዝሩ ብላን ስለነበር ታችኛውን በመስመር አደረግነው፤ ላይኛውን አባዬ በእጁ በተነው፤ እሷም አይታ ሳቀች። ማዳበሪያው ዘግይቶ ጥቂት ነው የደረሰን። የመጨረሻው ዘር አፈር ሲለብስ ዝናቡ ጀመረ። እንግዳው ከወንዙ ማዶ ቆሞ አይቶን ነበር፤ እጁን አነሣልንና ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወደ ቤት ስንመለስ የሆነውን ብቻ ልንገርሽና ልጨርስ። አባዬ ሁልጊዜ ከእኛ በቀኝ በኩል ነው የሚሄደው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም፣ ገበያ ስንሄድም፣ እናታችንን ስንቀብርም እንደዚያ ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያን ማታ ቀንበሩን እኔ ተሸክሜዋለሁ፣ በሬዎቹ ከፊታችን ናቸው፣ ዝናቡ ጥቅጥቅ ብሏል። ትንሽ እንደሄድን አባዬ በኋላዬ ዞረና በግራዬ ሆነ። ፊቴ እንደሆነ በዝናቡ ርሶ ነበር፤ ማን ይለየዋል።

አሁን ገብሱ በቅሏል። ጉሙ ሲገለጥ ታች የተዘራው መስመሩን ይዞ፣ ላይኛው እንደ ፈቀደው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ወይኖ በረቱ ውስጥ አሁን ቀኙን ለዳልቻ ትቶ በግራ ይተኛል። እኔ ሁለት ቀን ደባርቅ፣ የቀረውን ጓሳ አምባ ነኝ። አያ ገዱም ባለፈው እሑድ በእግሩ መጥቶ ገብሱን ዞሮ አየው፤ አፈሩን አሸተተና እኛው ዘንድ አደረ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ተቀበይኝ። ለስጦታ የማር ዕቃውን ለሳሏ ልኬላታለሁ፤ በሙቅ ውኃ ትጠጣው በያት። ለእነዚያ መንታዎች ከማያውቁት አጎታቸው ግንባራቸውን ሳሚልኝ። አያ ገዱ ሰላም ይልሻል። መምሬ ቃለ አብ በጸሎታቸው እንደሚያስቡሽ ንገርልኝ ብለዋል። ባሽርም «ወንድምሽ በሬ እንዲገዛ ዳግመኛ እንዳትልኪው» ይልሻል። ለፈይዛ ከሰጠኋት ጨርቅ ውስጥ ከዘሩ የተረፈ አንድ እፍኝ ጥቁር ገብስ አለ፤ አሽትቺው።

አባዬን «ለእታለም ምን ልበልልህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ስለ ኮንትራትሽ ትንፍሽ ብዬለት አላውቅም፤ አንቺም እንዳልነገርሽው አውቃለሁ። ዳልቻን ጨው እያላሰ ነበር፤ ቀና ሳይል «ለእኔ ብላ አትቆይ በላት፤ አራሽ አግኝቻለሁ» አለኝ።

ወንድምሽ ድረስ ወልደ ሩፋኤል
ደባርቅ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.